ሞተዋል ብዬ የፈረምኩባቸው ኮምፒውተሮች

ችኩል ነኝ። እናቴ ገና በልጅነቴ «ይቺ ልጅ ወጡ ሳይበስል ነው የምታወጣው» ትለኝ ነበር፤ እኔም እንደ ሙገሳ እቆጥረው ነበር። ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ደግሞ ችኮላዬን ቅልጥፍና ብዬ ስም አወጣሁለት። በዚሁ ቅልጥፍናዬ ነው እንግዲህ አንድ ቀን ጠዋት፣ በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ባለች እረፍት፣ አሥራ ዘጠኝ ኮምፒውተሮችን ሞተዋል ብዬ የፈረምኩባቸው።

በመንግሥት ትምህርት ቤት አሮጌ ዕቃ ዝም ብሎ አይጣልም። ቁጥር ተለጥፎበት መዝገብ ላይ ሰፍሯልና ሲሞትም በሥርዓት ነው የሚሞተው። አስወጋጅ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ባለሙያ አይቶ አስተያየቱን ይጽፋል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ከዚያ ዕቃው ለጨረታ ይወጣል። ባለሙያዋ እኔ ነበርኩ። ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ ከአሥራ ዘጠኙ አራቱን አበራሁ። አንዱ ጭራሽ ድምፅ አላሰማም። ሦስቱ ማጉረምረም ጀመሩ፤ ሞኒተራቸው ላይ ያቺ የመጠበቂያ ምልክት መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች፤ እኔም ጠረጴዛውን በጣቴ እየደበደብኩ ሦስት ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ። የሚቀጥለው ክፍል ደወል ሲደወል ቅጹ ላይ «ሁሉም ለአገልግሎት የማይበቁ፣ የማይጠገኑ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አጠገቤ ቆመው ነበር። እኚህን ሰው በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ከርዕሰ መምህሩ ጀምሮ እስከ ተማሪው ድረስ «አባ ፉርቱ» ነው የሚላቸው፤ በአፋን ኦሮሞ የቁልፍ ባለቤት እንደ ማለት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ፣ ካኪ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ቁልፍ የሚንሿሿ ሰው ናቸው። ጠመኔ ሲሰጡ እንኳ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቆጥረው፣ አስፈርመው፣ ፊርማውን ከፍ አድርገው አይተው ነው። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ቶሎ ነው ትዕግሥቴ የሚያልቀው።

«ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እነዚህ እኮ ይነሣሉ። ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ ብለው ነው እንጂ ይነሣሉ።»

«አባ ፉርቱ፣ ይሄ የኔ ሙያ ነው» አልኳቸው።

«ኤዬ፣ አዎ፣ ያንቺ ሙያ ነው» አሉና ቅጹን ተቀብለው ፋይላቸው ውስጥ አስገቡት። የንብረት ሰው ቃል የባለሙያ አስተያየት አይሆንም፤ ይህን እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ወጥቼ ወደ ክፍሌ ሮጥኩ፤ ከዚያ ቀን በኋላም ነገሩን ረሳሁት።

ክረምቱ ሲገባ የራሴ ላፕቶፕ እምቢ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ከተጠቀመበት በኋላ ለእኔ ያወረሰኝ ነው። አዲስ ሲስተም ጫንኩበት፤ ጭራሽ ተኛ። አዲስ ለመግዛት አቅሙ አልነበረኝም፤ ለመጣል ደግሞ አንጀቴ አልቻለም። የተከራየሁት ጨለለቂ ሰፈር ነው፤ የነቀምቴ ክረምት ደግሞ ከቤት አያስወጣም፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከጎረቤት ጋር እንኳ መጨዋወት የሚቻለው በጩኸት ነው። ትምህርት ቤት ዝግ፣ እኔ ቤት፣ ላፕቶፑ ፊቴ ተጋድሞ። እልህ ያዘኝ።

ኮምፒውተርን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ሥራ የሚያስጀምረው ዋናው ፕሮግራም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው። በየዓመቱ የሚወጣው አዲስ ሲስተም እየከበደ ስለሚሄድ አሮጌው ማሽን መሸከም ያቅተዋል፤ እኛም ማሽኑ ሞተ እንላለን። ይህን ተማሪዎቼን ሳስተምር ኖሬያለሁ። ማሽኑ ካልሞተ ሸክሙን ማቅለል ይቻላል ማለት እንደሆነ ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። ተማሪ የምጥልበት የራሴ ጥያቄ እኔኑ ጣለኝ።

ከባዶ ሠራሁት ብል ውሸት ነው። የትም አገር ያሉ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ሠርተው በነፃ ከለቀቁት ላይ ነው የተነሣሁት። የእኔ ሥራ መቀነስ ነበር። የሚያብለጨልጨውን አነሣሁ፣ ማንም የማይከፍተውን ፕሮግራም አነሣሁ፣ ራሱን በራሱ ኢንተርኔት ላይ እየሄደ የሚያዘምነውን አነሣሁ። ስቀንስ ሰንብቼ ምን ቀረ? ደብዳቤ መጻፊያ፣ ሠንጠረዥ መሥሪያ፣ መጽሐፍ ማንበቢያ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መጻፍ ያስችላል፤ ትእዛዞቹም በሁለቱም ቋንቋ ናቸው። አንዱን ብቻ ባደርግ ግማሹ ከተማ ይቀየመኛል፤ ሌላውን ብቻ ባደርግ ደግሞ እናቴ ትቀየመኛለች። ሁሉም በአንዲት ትንሽ ፍላሽ ላይ ይገባል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ላፕቶፔ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተነሣ፤ እኔም ብቻዬን ቤት ውስጥ እልል አልኩ። ያከራዩኝ ሴትዮ ሮጠው መጥተው «ማን አገባ?» ብለው ጠየቁኝ።

መስከረም ላይ ለሕዝብ ለቀቅሁት። ኢንተርኔት ላይ ገጽ ከፈትኩ፣ አጫጫኑን ደረጃ በደረጃ ጻፍኩ፣ ከላይ «ማንም ይውሰድ፣ ማንም ይቅዳ፣ ማንም ለሌላው ይስጥ» አልኩበት። ኢንተርኔት ለሌላቸው ደግሞ ባዶ ፍላሽ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ይልኩልኛል፣ ሞልቼ በዚያው ሾፌር እመልሳለሁ። መናኸሪያ ያሉት ሾፌሮች ፍላሿን «የአስተማሪዋ መድኃኒት» ይሏት ጀመር። ሰው ግን እንዳሰብኩት አልተሻማባትም። ነቀምቴ አጠገብ፣ ዲጋ ላይ የፎቶኮፒ ቤት ያለው ሰውዬ ፍላሿን በሁለት ጣቱ ይዞ እያገላበጠ «በነፃ ነው?» አለኝ። «አዎ» ስለው «ታዲያ ምን ጎድሎት ነው?» አለ። ነፃ የሆነ ነገር የሚሰጠው ሊጣል ሲል ነው ብሎ ያምናል፤ እውነቱን ለመናገር ገበያችን ያስተማረውም ይህንኑ ነው። ተናደድኩበት። ቢሆንም ወስዶ ሞከረው።

ከሁሉም በላይ ያስጨነቀችኝ ከቢላ ከተማ የደወለችልኝ ሴት ናት። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች አሏት፤ አምስቱ ተኝተዋል፤ የቀረው አንዱም ሊተኛ እያዛጋ ነው። ድምፅዋ ልስልስ ያለ፣ ጥያቄዋ ግን የመርማሪ ነው።

«መምህር፣ እንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ተሞክሯል?» አለችና ዓይነቱን ከነቁጥሩ አነበበችልኝ። «ተሞክሮ ሠርቷል ተብሎ ተጽፎ ካላሳየኋቸው ኃላፊዬ አይፈቅዱልኝም። ከተበላሸ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

የነገረችኝን ቁጥር ስሰማ አወቅሁት። ግምጃ ቤታችን ውስጥ የተደረደሩት አሥራ ዘጠኙ ያው ዓይነት ናቸው። «ነገ እሞክርልሻለሁ» አልኳት። እዩልኝ እንግዲህ፣ ያኔም እንኳ ፊርማዬ ትዝ አላለኝም። ጨረታው ስለ ዘገየ ኮምፒውተሮቹ እዚያው በመኖራቸው ብቻ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ፍላሼን ይዤ ሄድኩ። አባ ፉርቱ «አካም ኦልቴ?» ብለው የዋልኩበትን ጠየቁኝ፤ ለምን እንደ መጣሁ ሲሰሙ ግን ምንም ሳይጠይቁ በሩን ከፈቱልኝ። ኮምፒውተሮቹ በላስቲክ ተሸፍነዋል፤ ላስቲኩ ላይ አቧራ የለም። የመጀመሪያውን ሰካሁ፣ ፍላሿን ከተትኩ፣ አበራሁት። ማጉረምረም ጀመረ። ሰላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ ስቆጥር ሞኒተሩ በራና በሁለት ቋንቋ «እንኳን ደህና መጡ» አለ።

«ማል ታኤ?» አሉ አባ ፉርቱ፤ ምን ሆነ? ካፖርታቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ሳቁ። ከእሳቸው ጋር ስሠራ በቆየሁባቸው ዓመታት ጥርሳቸውን አይቼ አላውቅም ነበር። «ሮጠ እኮ! ይሄ እኮ ሃያ ደቂቃ ነበር የሚፈጅበት፤ ሮጠ!»

ሃያ ደቂቃ የሚፈጅበት መሆኑን እንዴት እንዳወቁ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም፤ ደስታው ወስዶኛል። ሁለተኛውን አስነሣን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። እሳቸው ሳቃቸውን አቁመው እንደ ነበር ያየሁት አምስተኛው ሲበራ ነው። ወንበር ስበው ተቀምጠዋል፤ ቁልፋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ኢንተላ ኮ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «እነዚህ በወረቀት ሞተዋል።»

ያ ቅጽ፣ ያ «ሁሉም» የሚለው ቃል፣ ያ የእኔ የተቸኮለ ፊርማ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አምስቱን ጭራሽ አልነካኋቸውም ነበር።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። አባ ፉርቱ በዚያ ወር መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ጡረታ የሚወጣ የንብረት ሰው የያዘውን ሁሉ ለተተኪው አስረክቦ፣ «ንብረቱ በመዝገቡ በተገለጸው ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብሎ ፈርሞ፣ ከየክፍሉ ምንም ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ክሊራንስ ይዞ ነው የሚሄደው። ክሊራንስ ከሌለ ጡረታው አይንቀሳቀስም። መዝገቡ ደግሞ ኮምፒውተሮቹ አይሠሩም ይላል፤ እሳቸው በዓይናቸው ሲሠሩ አዩ። ጠመኔ ቆጥረው የሚሰጡ ሰው በዓይናቸው ካዩት ጋር በሚጋጭ ነገር ላይ አይፈርሙም።

እዚህ ላይ የተናገርኩትን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። «አባ ፉርቱ፣ ዝም ብለው ይፈርሙ፤ ማን ያያል?» አልኳቸው።

አልተቆጡም። ተነሥተው አምስቱንም አንድ በአንድ አጠፉ፣ ገመዱን ጠቀለሉ፣ ላስቲኩን መለሱ፣ በሩን ቆለፉ። «ገለቶሚ» አሉኝ፤ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው፤ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ከቢላ ሴትየዋ ደወለች። «ተሞከረ መምህር?»

ተሞክሯል ብዬ ገጹ ላይ ብጽፍ የኮምፒውተሩን ዓይነት መጥቀስ አለብኝ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ያንን ያነበበ ማንኛውም ሰው የት እንደ ሞከርኩት ወዲያው ይገባዋል፤ ባለሙያዋ ሞተዋል ያለቻቸውን ባለሙያዋ ራሷ አስነሣች ይባላል። ሐሰተኛ አስተያየት በመስጠት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይወጣብኛል፤ ማኅደሬ ውስጥ ይገባል፤ ለሦስት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት የደረጃ ዕድገት ያልፈኛል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰላሁ። «ገና አልሞከርኩትም» አልኳት። «እሺ፣ እጠብቃለሁ» አለች። ለሰው ሁሉ በነፃ ሰጠሁ ብዬ ስኩራራ የነበርኩት ሴት፣ ሰዎች የሚያስፈልጋቸውን አንዲት መስመር እውነት ለራሴ ደብቄ አስቀረሁ።

ወሩ አለቀ። ለአባ ፉርቱ የሽኝት ዝግጅት ተደረገላቸው፤ ጋቢ አለበስናቸው፣ ርዕሰ መምህሩ ንግግር አደረገ፣ ፎቶ ተነሣን። ባለቤታቸው ቀድመው ዲጋ ገብተዋል፤ እዚያ የአባታቸው ቤትና ጥቂት ቡና አላቸው፤ የቤት ዕቃውም ተጭኖ ሄዷል። በሽኝቱ ማግሥት ጠዋት ግን አባ ፉርቱ ያንኑ ካኪ ካፖርት ለብሰው ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። ርክክቡን አልፈረሙም።

ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሦስተኛው ገባ። ዕቃቸው የሄደበት ባዶ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ያድራሉ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ከማንም ቀድመው ይመጣሉ። መምህራን ክፍል ውስጥ ሰዉ ይስቅባቸው ጀመር። «ሽማግሌው ቁልፉን መልቀቅ አቃታቸው» አለ አንዱ። «ግምጃ ቤቱን ለልጃቸው ሊያወርሱ ነው» አለ ሌላው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቄ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

በዚያው ሰሞን ነው ርዕሰ መምህሩ በጠዋት ሰልፍ ላይ ስሜን የጠራው። ወሬው ከዲጋ ደርሶት ነው፤ ፎቶኮፒ ቤት ያለው ያ ሰውዬ ለመጣ ለሄደው ሁሉ እያወራ ነበር። «የእኛ መምህርት ለአሮጌ ኮምፒውተር የሚሆን ሲስተም ሠርታ ለሕዝብ በነፃ ለቃለች!» አለና አስጨበጨበልኝ። ከሰልፉ ኋላ፣ ግምጃ ቤቱ በር ላይ፣ ረጅሙ ሰውዬ ቁልፋቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ከልባቸው ሲያጨበጭቡልኝ አየሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አሁንም ግን አልተናገርኩም። ሲያጨበጭቡልኝ አይቼ እንኳ ሌላ አራት ቀን ዝም አልኩ።

ለመናገር ያስቆረጠችኝ ተተኪያቸው ናት፤ ከሌላ ወረዳ ተዛውራ የመጣች ቁጥብ ወጣት። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እያፈረች መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። «መምህር፣ እባክዎ ይምከሩኝ። አባ ፉርቱ ሁሉንም አስረከቡኝ፤ ኮምፒውተሮቹ ጋ ሲደርሱ ግን አቆሙ። ለምን ስላቸው ‹ያንን የጻፈ ሰው አለ፤ እሱ ይናገር፤ እኔ አልቀድመውም› ይሉኛል። ማነው ስላቸው አይነግሩኝም። እስኪናገር እጠብቃለሁ ብቻ ነው የሚሉት። እርስዎ ያውቁ ይሆን ማን እንደሆነ?»

ሰው ቁልፉን መልቀቅ አቃተው ሲላቸው፣ ሲስቅባቸው፣ ባዶ ቤት ሲያድሩ፣ አንዲት ቃል ብቻ ተናግረው መገላገል ይችሉ ነበር። ፋይሉ በእጃቸው ነው፤ ፊርማዬ እዚያው ላይ ነው። «አውቀዋለሁ፤ ዛሬ ይናገራል» አልኳትና ተነሣሁ።

ግምጃ ቤቱ ውስጥ አባ ፉርቱ መዝገባቸው ላይ አጎንብሰው አገኘኋቸው። በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ይቅርታ ልጠይቅ የመጣሁት ሰውዬ ተነሥተው እኔኑ ያባብሉኝ ጀመር። «አዳራ፣ እባክሽ ኢንተላ ኮ፣ ምን ሆነሽ? ተቀመጪ።»

«ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው። ይባስ ብዬ እኔው ተቆጣሁ! «ለምን አይናገሩም? ለምን ይስቁብዎታል?»

«ምን ብዬ ልናገር?» አሉ። «‹ልጅቷ ተሳሳተች› ብል ማኅደርሽ ላይ ይጻፋል፤ ‹ልጅቷ ስህተቷን አረመች› ተብሎ እንዲጻፍ ደግሞ አንቺው ራስሽ መናገር አለብሽ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። እኔ አርባ ዓመት መዝገብ ጽፌያለሁ፤ የሚጻፍ ነገር አውቃለሁ።»

ከዚያ መዝገባቸውን ወደ እኔ አዞሩት። ለአሥራ ዘጠኙ ኮምፒውተሮች የተያዘው ገጽ ነው። በስክሪብቶ «አይሠራም፣ በባለሙያ አስተያየት» ተብሎ ከተጻፈው ጎን፣ አስተያየት በሚለው ዓምድ ውስጥ፣ ደቃቅ የእርሳስ ጽሑፍ አለ። ለካ እሳቸው ዓርብ ዓርብ አቧራ ሲጠርጉ ሁሉንም በየተራ ያበሯቸው ኖሯል፤ ካልተነሡ ይደነዝዛሉ ብለው። ተራ ቁጥር አንድ፤ በሃያ ደቂቃ ተነሣ። ተራ ቁጥር ሁለት፤ ቆየ፣ ተነሣ። ተራ ቁጥር ሰባት፤ መብራት ጠፋ፣ እንደገና ተሞከረ፣ ተነሣ። ከፊርማዬ በፊት ያለ ነው፤ ከፊርማዬ በኋላም ቀጥሏል። አንዷ ብቻ፣ ተራ ቁጥር አሥራ አንድ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናት፤ አልተነሣችም፣ ሌላ ዓርብ ይሞከር። አልተነሣችም፣ ሌላ ዓርብ ይሞከር።

እኔ ሦስት ደቂቃ ነበር የጠበቅኋቸው።

ደብዳቤውን እዚያው እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ጻፍኩት። አራቱን ብቻ አይቼ ስለ አሥራ ዘጠኙ መፈረሜን፣ አስተያየቴ ስህተት መሆኑን፣ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ በወቅቱ ነግረውኝ እንዳልሰማኋቸው፣ ለርክክቡ መዘግየት ተጠያቂዋ እኔ መሆኔን ጻፍኩ። የመጨረሻውን ሊያስተዉኝ ሞከሩ፤ አልተውኩም። ደብዳቤውን ቢሮ አስገብቼ ስወጣ ወደ ቢላ ደወልኩ። «ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል» አልኳት። «ባለፈው ስትደውዪም ሞክሬው ነበር። ዋሽቼሽ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።» እሷም «ታዲያ አሁን ይጻፍልኝ» አለች። በዚያው ቀን ገጹ ላይ ዓይነቱን ከነቁጥሩ ጻፍኩላት።

ማስጠንቀቂያው ወጣብኝ፤ የደረጃ ዕድገቱም ዘንድሮ አለፈኝ። አኮረፍኩ፤ አላኮረፍኩም ብል ማን ያምነኛል? ግን የሚገባኝ ነበር።

ኮሚቴው ቃለ ጉባኤውን ሊያርም ግምጃ ቤት ውስጥ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው የሒሳብ መምህር ነው፤ ከእኔ የባሰ ችኩል። «መምህርት፣ ይሠራሉ ብለሽ ከጻፍሽ በቃ ፈርሚና እንሂድ» አለ። ስክሪብቶውን ተቀበልኩ። አባ ፉርቱ ኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ከመደርደሪያው አውርደው መሬት ላይ አኖሩት። ስክሪብቶውን አስቀመጥኩና መጀመሪያውን ኮምፒውተር ሰካሁ።

አንድ በአንድ አበራኋቸው። ማከፋፈያው አንድ ስለሆነ አንዱን ሳናጠፋ ሌላውን አንሰካም። አንደኛው ተነሣ፤ አዲሷ የግምጃ ቤት ኃላፊ ጻፈች። ሁለተኛው ተነሣ፤ ጻፈች። እኔ አበራለሁ፣ አባ ፉርቱ ላስቲኩን ይገልጣሉ፣ እሷ ትጽፋለች። ሰብሳቢው መጀመሪያ ሰዓቱን ያይ ነበር፤ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ «ኧረ ይገርማል!» ማለት ጀመረ። አሥራ አንደኛዋን ዘለልናትና ለመጨረሻ አስቀረናት። አሥራ ስምንቱ ተነሡ።

አሥራ አንደኛዋን ሰካሁ። አበራኋት። ዝም። ፍላሿን አውጥቼ መለስኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ፣ እንደገና አበራሁ። ዝም። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን በጣቱ ይደበድብ ጀመር። የእኔ ክፍል ደወል ተደወለ። አልተነሣሁም፤ ተማሪዎቼን ምዕራፉን እያነበቡ እንዲጠብቁኝ ላክሁባቸው። አባ ፉርቱ የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው ፊታችን አስቀመጡና ከጎኔ ተቀመጡ። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ።

ሃያ አንደኛው ደቂቃ ላይ አባ ፉርቱ ሰዓታቸውን አንሥተው አሰሩ። ላስቲኩን አምጥተው አሥራ አንደኛዋን ከራስዋ እስከ ግርጌዋ ሸፈኗት፤ ጠርዙንም በእጃቸው አስተካከሉት። ከዚያ ስክሪብቶውን ራሳቸው አንሥተው ሰጡኝ።

«በዚችኛዋስ መጀመሪያም ልክ ነበርሽ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ። «አሁን ፈርሚ።»